55 ወራሪዎችና አንድ ዘገምተኛ ቺፕ

አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞች፤ ከኋላ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ልጆችም፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ግቡና ተቀመጡ፤ ቶሎ አልጨርስም። ከቡታጅራ የመጣችሁ እንግዶቻችን ደግሞ ያን ሁሉ ተራራ ዞራችሁ ወልቂጤ ድረስ ስለ ጌም ለመስማት መምጣታችሁ አስገርሞኛል፤ ደስም ብሎኛል።

አዎ፣ ስለ ጌም ነው የማወራው። ያውም እዚህ የተቀመጥነውን የአብዛኞቻችንን ዕድሜ ስለሚበልጥ አንድ አሮጌ ጌም። ልጆቻቸውን ከጌም ቤት እየጎተቱ የሚያወጡ ወላጆች ፊት ይህን ርእስ ይዞ መቆም ድፍረት እንደሆነ አይጠፋኝም። እስቲ ታገሡኝ፤ ስለ እናንተም ጉዳይ የምለው አለኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ሰኔ 1970 ዓ.ም. ላይ ነው። በፈረንጅ 1978 መሆኑ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታይቶ የሚባል የጃፓን ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተሰኘ የሳንቲም መጫወቻ አወጣ። ሳንቲም ሲገባ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ወራሪ ፍጡራን ይሰለፋሉ፤ በ5 ረድፍ፣ በየረድፉ 11፣ በድምሩ 55። ከታች አራት ምሽጎች አሉ፤ ከምሽጎቹ ሥር የእናንተ አንዲት መድፍ አለች። መድፏ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ነው የምትሄደው፤ ወደ ላይ ትተኩሳለች፤ ሌላ ሙያ የላትም።

ፍጡራኑ ተያይዘው ወደ ጎን ይሄዳሉ። የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ አንድ እርምጃ ዝቅ ይሉና በመጡበት ይመለሳሉ። እንዲህ እየተመላለሱ ይወርዳሉ፤ እየወረዱም ይተኩሳሉ። ምሽጎቹ ከላይ በእነሱ ጥይት፣ ከታች በእናንተው ጥይት እየተቦረቦሩ ያልቃሉ። ከታችኞቹ ረድፎች አንዱን የመታ 10 ነጥብ፣ ከመካከለኞቹ 20፣ ከላይኛው ረድፍ ደግሞ 30 ያገኛል። አልፎ አልፎ በአናት በኩል አንዲት በራሪ ሳህን ሽው ትላለች፤ እሷ ከ50 እስከ 300 ታስገኛለች።

ማሸነፍ የሚባል ነገር የለም። 55ቱን ጠርጎ የጨረሰ ሰው ሽልማቱ ሌላ 55 ነው፤ ያውም ከፊተኞቹ ዝቅ ብለው የሚጀምሩ። ጌሙ የሚያልቀው ተጫዋቹ ሲሞት ብቻ ነው። ሳንቲም ለመሰብሰብ የታሰበ ብልሃት ነው ልትሉ ትችላላችሁ፤ ነውም። ነገር ግን እንደማይሳካለት እያወቀ ደግሞ ደጋግሞ የሚሞክር ሰው ጃፓን ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ሐረ ሸይጣን አፋፍ ላይ ቆሞ ድንጋይ ያልወረወረ የዚያ አካባቢ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ! ውሃው ከእግር ሥር ያለ ይመስላል። ድንጋይ ግን አይደርስበትም ይባላል። አይደርስም የተባለው ሰው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሌላ ድንጋይ ይመርጣል።

አሁን ወደ መጣሁበት ነገር ልግባ።

ይህን ጌም የተጫወተ ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ ፍጡራኑ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። ከበስተኋላ አራት ወፍራም ድምፆች እየተፈራረቁ ዱም… ዱም… ዱም… ዱም ይላሉ። ተጫዋቹ እየገደለ ሲሄድ የቀሩት ይፈጥናሉ፤ ድምፁም አብሮ ይፈጥናል። አስር ሲቀሩ ይሮጣሉ። የመጨረሻው አንዱ ግን ጉድ ነው! ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይወነጨፋል፤ እጅ ያልባል፣ ልብ ይመታል፣ ጥይት ሁሉ ይስታል። ሌላው ጨዋታ ሁሉ ወደ ድል ሲጠጉ ይቀላል፤ ይህ ግን ሲያልቅ ነው የሚብሰው። ሲታይ አንድ ብልህ ሰው ቁጭ ብሎ፣ የሰውን ነርቭ አጥንቶ ያቀደው ይመስላል።

አላቀደውም። ቺፑ ዘገምተኛ ስለነበረ ነው።

ጌሙን የሚያሽከረክረው ኢንቴል 8080 የሚባል ቺፕ ነው፤ ፍጥነቱ 2 ሜጋኸርዝ። ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። በአንድ ስድሳኛ ሰከንድ ውስጥ 55 ፍጡራንን ከቦታቸው አጥፍቶ፣ ፈንጠር አድርጎ እንደገና መሣል ለዚያ ቺፕ የማይቻል ሸክም ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ እድሳት አንድ ፍጡር ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሰልፉ ሙሉ ሲሆን ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ እስኪራመዱ 55 እድሳት ያልፋል፤ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ነው። አስር ሲቀሩ ዙሩ በአንድ ስድስተኛ ሰከንድ ያልቃል። አንድ ሲቀር ተራው በየእድሳቱ የእሱ ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ።

ለማይመቸው ሰው በሌላ መንገድ ላስረዳ። ለቅሶ ቤት 55 ሰው ተቀምጦ አንዲት ልጅ ብቻዋን ቡና ታዞራለች እንበል። ልጅቷ አትፈጥንም፣ አትዘገይም፤ እጇ ያው ነው። ለቀስተኛው እየተነሣ ሲሄድ ግን ዙሩ ያጥራል፤ ዘጠኝ ሰው ሲቀር ሲኒው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል፤ አንድ አዛውንት ብቻ ሲቀሩ ከፊታቸው አትጠፋም። ፍጥነቱ የመጣው ከልጅቷ ሳይሆን ከቤቱ መጉደል ነው። 8080ም እንደዚያች ልጅ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ልክ ነው የሚሠራው።

ጌሙን የሠራው ሰው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ይባላል፤ በ1944 የተወለደ መሐንዲስ። ይህን የፍጥነት ነገር ያየው እየሠራ ሳለ ነው። ሊያስተካክለው ይችል ነበር፤ ፍጡራኑ ሲቀንሱ ፕሮግራሙ ትንሽ እየጠበቀ እንዲቆይ ማድረግ ለእሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሞከረው፣ ተጫወተው፣ ደስ አለው፣ ተወው። ለእኔ የጌሙ ታሪክ በሙሉ ያለው እዚህች መተው ላይ ነው። ቺፑ መዝገሙ ዕድል ነው፤ የዘገመውን ነገር አይቶ «ይህ ጥሩ ነው» ማለት ግን ዕድል አይደለም። ለዚያ የማሽኑን ሆድ ዕቃ እስከ ታች ማወቅ ያስፈልጋል።

እንዴት አወቀው? ከዚያ በፊት በ1975 «ዌስተርን ገን» የሚባል የካውቦይ ጌም ሠርቶ ነበር። ያኔ ጌሞች ያለ ፕሮግራም፣ ዕቃ ከዕቃ ጋር በሽቦ እየተያያዘ ነው የሚሠሩት። ጌሙን አሜሪካ ውስጥ እንዲሸጥ ፈቃድ የወሰደው ሚድዌይ የተባለ ኩባንያ አፍርሶ በ8080 ቺፕ እንደገና ሠራው። የገዛ ጌሙ ከባሕር ማዶ አዲስ አንጎል ተገጥሞለት መጣ ማለት ነው። ኒሺካዶ አጨዋወቱ የእኔው ይሻላል ብሎ ነበር፤ ምስሉ ግን ከእሱ እንደሚበልጥ አልካደም። ስለዚህ አዲሱን ዘዴ ማጥናት ጀመረ። ጃፓን ውስጥ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ስላልነበረ ፕሮግራም መጻፊያውንም መሞከሪያውንም ራሱ ሠራ። ዕቃውን፣ ፕሮግራሙን፣ ሥዕሉን፣ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀበት።

ስለ ሥዕሉ ካነሣሁ አንድ ነገር ላክል። መጀመሪያ ያሰባቸው ዒላማዎች ታንክና አውሮፕላን ነበሩ፤ አንቀሳቀሳቸው አላማረውም። ለመንቀሳቀስ የተመቸው ሰው ነበር። በሰው ላይ መተኮስን ግን የኩባንያው አለቆች ከለከሉ። ልጅ ሆኖ በ«ዎር ኦፍ ዘ ወርልድስ» ታሪክ ያያቸው የማርስ ፍጡራን ትዝ አሉትና ከባሕር እንስሳት ቅርጽ ወሰደ፤ ክራብ፣ ስኩዊድ፣ ኦክቶፐስ። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው ከፍተው የሰው ጭንቅላት የሚያነጣጥሩበትን ጌም ሳይ እነዚያ የ1978 አለቆች ትዝ ይሉኛል።

ስለ መጠኑስ? የጌሙ ፕሮግራም በሙሉ፣ ከነሥዕሉ፣ 8,192 ባይት ነው። ስልካችን ላይ ስንጽፍ አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አሠራር 3 ባይት ይወስዳል። ስፔስ ኢንቬደርስ እንግዲህ 2,730 ፊደል በሚሞላ ቦታ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህች በእጄ የያዝኳት ንግግር ከዚያ ከሦስት እጥፍ በላይ ትሆናለች፤ የትኛው እንደሚያዝናና ፍርዱ የእናንተ ነው። የሥራ ማህደረ ትውስታውም እንዲሁ 8 ኪሎባይት ነው፤ ከዚያ ውስጥ 7ቱን የስክሪኑ ምስል ይወስደዋል። የቀረችው 1 ኪሎባይት ማን ሞተ፣ ማን አለ፣ ጥይቱ የት ደረሰ፣ ነጥቡ ስንት ነው የሚለውን ሁሉ ትይዛለች። ከፍተኛው ነጥብም እዚያው ነው የሚጻፈው፤ መብራት ሲጠፋ ሪከርዱም ይጠፋል። መብራት በሄደ ቁጥር «ሴቭ አላደረግኩም!» እያላችሁ የጮኻችሁ ሁሉ የዚያን ዘመን ጃፓናዊ ወንድማችሁን ሐዘን ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይደባለቅ። «ችግር ብልሃትን ይወልዳል» የሚለውን አባባል ለወጣት በተነገረ ቁጥር እሰማዋለሁ፤ ሰልችቶኛል። ኒሺካዶ ችግረኛ አልነበረም። ደመወዙን የሚከፍል ኩባንያ ነበረው፤ ጊዜ ነበረው፤ ዕቃ ሲያቃጥል የሚተካለት ነበረው። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኢንተርኔት በሚጠፋበት ከተማ የሚማር ልጅ መብራትና ኢንተርኔት ነው የሚያስፈልገው፤ የማጽናኛ ንግግር አይደለም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ኒሺካዶ የነበረውና እዚህ አገርም ያለው አንድ ነገር፣ ማሽንን ከፍቶ የማወቅ ነገር ነው።

ያለም መሆኑን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ቡታጅራ አንድ ጌም ቤት ገብቼ ነበር። እንደምታውቁት ዓይነት ነው፤ መጋረጃ ያለው በር፣ ረጅም አግዳሚ፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ የተሸነፈ ይከፍላል። አንዱ ጆይስቲክ አስቸገረ፤ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ወደ ግራ ይሮጣል። ጌም ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ በጥርሱ ትንሽ ቡሎን መፍቻ ነክሶ ጆይስቲኩን ገለበጠው፤ አራቱን ቡሎን አወጣና ሽፋኑን ገነጠለ። ከማሽከርከሪያው ጎን የተለጠፈችውን ምስር የምታህል ሳጥን በጥፍሩ ከፈታት። ውስጧ ጥቁር ቀለም የተቀባ መንገድ አለ፤ አንዲት ቀጭን ብረት እላዩ ላይ እየተንሸራተተች ነው ጣታችን የት እንዳለ ለማሽኑ የምትናገረው። መንገዱ ተፍቆ ነበር። ልጁ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየውና «በልታዋለች» አለ። ከጠረጴዛው ሥር የሞቱ ጆይስቲኮች የተጠራቀሙበትን ካርቶን ስቦ አንዱን ከፈተ፤ በግራ በኩል ያልተበላ አገኘ፤ ቀየረ፤ በአልኮል ጠረገ፤ ገጠመ። ከማን ተማርክ ብለው «ከተበላሸው» አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ነው።

በዚያ ልጅና በኒሺካዶ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ነው፤ አላሳንሰውም። አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ወልቂጤ ዋናው መንገድ ዳር ሞባይል ጥገና ቤቶች ውስጥ አጉሊ መነጽር አጥልቀው ከአይሲ ጋር የሚታገሉት ልጆችም ያው ናቸው። ይህን ሁሉ ዕውቀት ማን ይቆጥርላቸዋል? ጉብርዬ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩቲንግና ኢንፎርማቲክስ ኮሌጅ አለው፤ ከዚያ ኮሌጅ እስከ ጥገና ቤቱ ጠረጴዛ በባጃጅ የሚኬድ መንገድ ነው። አንዱ ዕቃውን ከፍቶ ያውቃል፣ ሌላው ፕሮግራሙን ተምሯል። ኒሺካዶ ሁለቱንም በአንድ ራስ ይዞ ነበር፤ እኛ ለሁለት ሰው ብናካፍለውም ይበቃን ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ሻይ እንኳ አብረው ሲጠጡ አላየሁም።

አሁን ወደ ወላጆች። ጌም ልጅ ያበላሻል የሚለው ክስ አዲስ አይደለም፤ በዚሁ ጌም ላይም ቀርቦ ነበር። በ1981 ጆርጅ ፎልክስ የተባሉ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ስፔስ ኢንቬደርስን ለመቆጣጠር የሚያስችል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ፣ ሳንቲም ፍለጋ ይሰርቃሉ ብለው። 94 ደገፉ፣ 114 ተቃወሙ፤ ወደቀ። በዚያው ዓመት ፊሊፒንስ ውስጥ ፕሬዚዳንት ማርኮስ ከነጭራሹ የቪዲዮ ጌም ማሽኖችን አገዱ፤ እሳቸው ድምፅ መቁጠር አያስፈልጋቸውም ነበር። ጃፓን ላይ ጌሙ የ100 የን ሳንቲም እጥረት አስከተለ የሚል ወሬ አለ፤ እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ ይጻፋል። እውነት አይደለም። ሰው ግን አመነው፤ ምክንያቱም ልጆቹ ሳንቲም ሲጨምሩ በዓይኑ አይቷል።

በትምህርት ሰዓት በሩን ከፍቶ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የሚያስገባ ጌም ቤት ይዘጋ፤ አልከራከርም። በጌም ስም ቁማር የሚያጫውትም እንዲሁ። ከዚያ ውጪ ያለውን ግን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ገብታችሁ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ልጃችሁ ምን እየቆጠረ እንደሆነ ጠይቁት። በስፔስ ኢንቬደርስ ዘመን የነበሩ ተጫዋቾች የዚያችን በራሪ ሳህን ምስጢር ያገኙት በመቁጠር ነው። ሳህኗ የምትሰጠው ነጥብ በዘፈቀደ ይመስላል። ዳሩ ግን በ23ኛው ጥይት፣ ከዚያ በኋላም በየ15ኛው የመታት ሰው ሁልጊዜ 300 ያገኛል፤ ማሽኑ የተተኮሰውን ጥይት እየቆጠረ ነውና። ማንም አልነገራቸውም፤ ደጋግመው እየተኮሱ፣ እየቆጠሩ ደረሱበት። ወራሪዎቹ መድፏ አናት ላይ እስኪደርሱ ቢጠበቁ ጥይታቸው እንደማይመታም ያወቁት ተጫዋቾች ናቸው፤ ዘዴው በናጎያ ከተማ ስም ይጠራል። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስተውል ልጅ ሒሳብ ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ካመጣ፣ መምህሩንም አብራችሁ ጠይቁ።

ከስፔስ ኢንቬደርስ በኋላ የመጡትን ቶሎ ልለፋቸው። አታሪ በ1979 «አስትሮይድስ»ን አወጣ። ናምኮ በዚያው ዓመት «ጋላክሲያን»ን፣ በ1981 ደግሞ «ጋላጋ»ን አመጣ፤ በጋላጋ ውስጥ ጠላት መርከባችሁን በጨረር ስቦ ይማርካታል፤ አስጥላችሁ ካመጣችኋት ጎን ለጎን ሁለት ሆናችሁ ትተኩሳላችሁ። ከእናንተ መካከል ዕድሜው የደረሰ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካውንና በአንድ ካሴት ሺህ ጌም አለኝ እያለ የሚዋሸውን የቻይና ማሽን የሚያስታውስ አይጠፋም። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ጋላክሲያንና ጋላጋ አይጠፉም ነበር፤ የሕዋ ተኩስ ብዙዎቻችን ቤት የገባው በዚያ በር ነው። ጋላክሲያን ባለ ቀለምና ቆንጆ ነው። ምስሎቹን የሚያንቀሳቅስ የተለየ ዕቃ ስላለው ግን ማሽኑ አይጨነቅም። ለእኔ ከስፔስ ኢንቬደርስ የሚያንሰው በዚያ ነው፤ የማይስማማ ካለ ከንግግሩ በኋላ እንከራከር።

እኛ አገርም ጌም መሥራት ተጀምሯል፤ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ከእርድ የምታመልጥ ዶሮ ናት፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። በጉራጌ መንደር ሰፊ መንገድ፣ በጀፎረ ላይ የሚሮጥ ጌም ግን እስካሁን አላየሁም። ግራና ቀኝ የተሰለፈ ጎጆ፣ መካከሉ ሰፊ ሣር፣ ከብት ሲገባ፣ ሠርግ ሲያልፍ፤ ሜዳው ተሠርቶ የተቀመጠ ነው።

በመጨረሻ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ልዙር። አሴምብሊ ስትማሩ የምትሠሩበት 8086 የ8080 ታናሽ ወንድም ነው፤ ለ8080 የተጻፈ ፕሮግራም ወደ እሱ እንዲመለስ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የወጣውም በዚያው በሰኔ 1978 ነው። ስለዚህ ይህ ጌም ለእናንተ ሩቅ አይደለም። በዓለም ላይ ብዙ ጀማሪዎች የሚሠሩት አንድ መልመጃ አለ፤ 8080ን በፕሮግራም አስመስሎ ሠርቶ ስፔስ ኢንቬደርስን እላዩ ላይ ማስኬድ። የጌሙ መብት የታይቶ ነው፤ ለመሸጥ ሳይሆን ለመማር ነው የምላችሁ። ኢንተርኔት ሳያስፈልግ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ባትሪው እስካለ ይሠራል። የቺፑ ትእዛዞች ብዙ አይደሉም፤ ብዙዎቹም ዕቃ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ማዛወር ናቸው።

ሁለት ቦታ ላይ ትሰናከላላችሁ። አንደኛው፣ 8080 ምስልን በትንሽ በትንሹ ወደ ጎን መግፋት ስለሚከብደው ኒሺካዶ ከጎኑ ሌላ ረዳት ቺፕ አድርጎለታል፤ እሱንም ካልሠራችሁ ፍጡራኑ ተበጣጥሰው ይመጣሉ። ሁለተኛው፣ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ስታስነሡት 55ቱ ወራሪዎች በጎናቸው ተኝተው ግድግዳ ሲወጡ ታዩአቸዋላችሁ። አትደንግጡ፣ ኮዱን አትንኩ። በካቢኔቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ በጎኑ ነበር የሚገጠመው። ላፕቶፑን አቁሙት፤ ካልሆነም አንገታችሁን አዘንብሉና ተጫወቱ።